በባዶ መሬት ላይ የተኛው ሕፃን
ሁጎ ቫን ደር ጉስ ስለ ሣለው የጌታችን ልደት ሥዕል

በ1483 ዓመት በሜይ ወር በ28ኛው ቀን፥ በጣልያን አገር በፍሎሬንስ ከተማ፥ በሳን ፍሬዲያኖ በር በኩል በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ አንድ ታላቅ ሥዕል ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕሉ የተሠራው በሩቅ በፍላንድር አገር ነበረና በመርከብ ተጭኖ በሲሲሊያ በኩል ዞሮ ወደ ፒዛ ደረሰ፤ ከዚያም በአርኖ ወንዝ ሽቅብ ተጓጉዞ ከከተማው ቅጥር ሲደርስ፥ ክብደቱ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ 16 ተሸካሚዎች ተጋግዘው ሳንታ ማሪያ ኑኦቫ ወደሚባለው የበሽተኞች ቤት ወሰዱት። በዚያም በሆስፒታሉ ቤተ ክርስቲያን፥ በሳንት ኤጂዲዮ፥ በታላቁ መሠዊያ ላይ ቆመ።

በዚያ ዘመን በባሕር መንገድ ሥዕል መላክ ቀላል ነገር አልነበረም። ከ10 ዓመት በፊት፥ በ1473፥ ሃንስ ሜምሊንግ የተባለው ጠቢብ የሣለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ከዚያው ከፍላንድር ወደ ፍሎሬንስ ሲላክ የዳንዚግ ሰዎች መርከቡን በባሕር ላይ ማርከው ሥዕሉን ወደ አገራቸው ወስደውታል፤ ዛሬም ግዳንስክ በምትባለው በዚያችው ከተማ ይገኛል። የልደቱ ሥዕል ግን በደኅና ደረሰ። ነገር ግን የሣለው ሰው ሁጎ ቫን ደር ጉስ መድረሱን አልሰማም፤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1482፥ በብራሰልስ አጠገብ በሚገኝ ገዳም አርፎ ነበርና።

ሥዕሉን ያሠራው ቶማዞ ፖርቲናሪ ይባላል። ይህ ሰው በብሩዥ ከተማ የሜዲቺ ባንክ ቅርንጫፍ ሹም ነበረ፤ ወገኖቹም በፍሎሬንስ ስመ ጥሩዎች ነበሩ። ሳንታ ማሪያ ኑኦቫን በ1288 ያቋቋመው ፎልኮ ፖርቲናሪ የዚሁ ቤተ ሰብ አባት ነው፤ ባለቅኔው ዳንቴ የወደዳት ቤያትሪስም የፎልኮ ልጅ እንደ ነበረች ይነገራል። ስለዚህ ቶማዞ ሥዕሉን ሲልክ አባቶቹ ለሠሩት ቤት የልጅ ልጅ እጅ መንሻ ማቅረቡ ነበረ፤ በዚያውም ላይ ስሙና መልኩ በአገሩ ሰዎች ፊት እንዳይረሳ ማድረጉ ነበረ። ሁለቱ አሳብ ባንድ ልብ ውስጥ አብሮ መኖሩ የሰው ልጅ የቆየ ጠባይ ነው።

ሥዕሉ ሦስት ክፍል አለው። መካከለኛው ገበታ ቁመቱ 2 ሜትር ከ53 ሳንቲሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር ከ4 ሳንቲሜትር ሲሆን፥ በግራና በቀኝ እንደ መስኮት መዝጊያ የሚታጠፉ ሁለት ክንፎች አሉት። ክንፎቹ ሲዘጉ በውጭ በኩል የብሥራቱ ታሪክ ይታያል፤ መልአኩና እመቤታችን ከድንጋይ የተቀረጹ እስኪመስሉ ድረስ በአመድማ ቀለም ብቻ ተሥለዋል። ሲከፈቱ ግን ቀለሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዓይን ይሞላል። በግራው ክንፍ ፖርቲናሪ ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋራ፥ በቀኙ ክንፍ ሚስቱ ማሪያ ባሮንቼሊ ከሴት ልጅዋ ጋራ ተንበርክከዋል፤ በስተኋላቸውም ቅዱስ ቶማስና ቅዱስ እንጦንስ፥ መግደላዊት ማርያምና ቅድስት ማርጋሬታ ቆመዋል። ቅዱሳኑ እንደ ዋርካ ግንድ ረዣዥም ሲሆኑ፥ በፊታቸው የተንበረከኩት ሰዎች እጅግ አንሰው ይታያሉ። የኢትዮጵያን የጥንት ሥዕል የለመደ ሰው ይህን ሲያይ አይደንቀውም፤ በኢትዮጵያም አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉን ያሣለው ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ትንሽ ሆኖ ተደፍቶ ይታያልና። የፍሎሬንስ ሰዎች ግን በዚያ ጊዜ ቅርቡንና ሩቁን በልክ ለክቶ መሣልን እንደ ታላቅ ጥበብ ይቆጥሩ ስለ ነበረ፥ የሰው ቁመት በክብሩ መጠን የሚበልጥበትና የሚያንስበት ሥዕል ሲመጣባቸው ሳያስገርማቸው አልቀረም።

በመካከለኛው ገበታ ላይ ዓይን አስቀድሞ የሚያየው መሬቱን ነው። ሰዎችና መላእክት ዙሪያውን ከበው ተንበርክከዋል፤ በመካከላቸውም ምንም ያልተነጠፈበት ባዶ መሬት ተትቷል፤ በዚያም ላይ ሕፃኑ ራቁቱን ተኝቷል። ጨርቅ የለም፥ ጭድ የለም፥ የእናት ክንድ የለም። ከሰውነቱ የወርቅ ጨረር ይወጣል፤ ጨረሩ ግን እንደ ክር የቀጠነ ስለ ሆነ የገላውን ብርድ አይሸፍንም። እመቤታችን ጥቁር ሊመስል ጥቂት የቀረው ሰማያዊ ልብስ ለብሳ ተንበርክካለች፤ እጆችዋን አጋጥማ ቍልቍል ታየዋለች እንጂ አታነሣውም። በፊትዋ ላይ የአራስ እናት ደስታ አይገኝም፤ የሚገኘው ብዙ የሚያውቅና የማይናገር ሰው ዝምታ ነው። ቅዱስ ዮሴፍ ከአዕማዱ አጠገብ ቀይ ልብስ ለብሶ ይጸልያል። በሬውና አህያው በስተኋላ ናቸው። ሁሉም ወደ ሕፃኑ ተመለከቱ፤ የቀረበው ግን አንድም የለም።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ክርስቲያን ሰው ሥዕሉን ይወቅሳል፤ ወቀሳውም በከንቱ አይደለም። የቅዱስ ሉቃስ ወንጌል እናቱ በጨርቅ እንደ ጠቀለለችውና በግርግም እንዳስተኛችው ይናገራል። በኢትዮጵያም ሥዕል ሕፃኑ ተጠቅልሎ በግርግም ሲተኛ እንስሶቹም በትንፋሻቸው ሲያሞቁት ይታያል። እንግዲህ ሠዓሊው የወንጌሉን ቃል ትቶ ለምን በባዶ መሬት አስተኛው? የነገሩ ምንጭ የታወቀ ነው። የስዊድን አገር ሴት ቅድስት ብሪጊታ በ1372 ኢየሩሳሌምንና ቤተ ልሔምን ለመሳለም ሄዳ በዚያ የልደቱን ነገር በራእይ አየሁ ብላ አስጽፋለች፤ ይኸውም ድንግል ተንበርክካ ስትጸልይ ሕፃኑ ያለ ምጥ ተወልዶ፥ በታላቅ ብርሃን ተከቦ፥ ራቁቱን በምድር ላይ እንደ ታየ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የምዕራብ ሠዓሊዎች ልደትን በዚህ ራእይ መሠረት መሣል ጀመሩ።

ነገር ግን ራእዩን መከተል አንድ ነገር ነው፤ ሁጎ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። የፍሎሬንሱ ሠዓሊ ፊሊፖ ሊፒ ይህንኑ ራእይ ይዞ ለሜዲቺዎች ቤት ጸሎት ልደትን ሲሥል፥ ሕፃኑን በዱር ውስጥ በለምለም ሣርና በአበባ ላይ አስተኝቶታል፤ ያን ሥዕል የሚያይ ሰው ሕፃኑ ይበርደዋል ብሎ አያስብም። ሁጎ ግን አበባውን ከሕፃኑ ሥር ነሥቶ ወደ ፊት አርቆ አኖረው፤ ከሕፃኑ በታች የቀረው መሬቱ ብቻ ነው። የሕፃኑም ገላ ወዝ ያለው የተመገበ ልጅ ገላ አይደለም፤ ገርጣ ያለ፥ እግሩ የቀጠነ፥ አሁን የተወለደ ልጅ ገላ ነው። ይህን ያደረገው ሳይጠነቀቅ ነው ማለት አይቻልም፤ በሌላው ቦታ ሁሉ የጨርቁን እጥፋትና የቅጠሉን ጅማት ሳይቀር ቈጥሮ የሣለ ሰው ነውና።

ሥዕሉ የቆመው በመሠዊያ ላይ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ግን ነገሩ ይገለጥለታል። ከሥዕሉ በታች ካህኑ ቅዳሴውን ሲቀድስ፥ የሚቀደሰው ኅብስትና ከላይ በመሬት ላይ የተኛው ነጭ ገላ በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። በዙሪያው ያሉትም መላእክት እንዲያው በነጭ ልብስ የሚበሩ አይደሉም፤ ልብሰ ተክህኖ ለብሰዋል። አንዳንዱ እንደ ዲያቆን፥ አንዳንዱ በወርቅ የተሠራ ካባ ደርቦ፥ በልብሱም ዘርፍ ላይ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎበት ይታያል። ሆኖም ከመላእክቱ አንዱ እንኳ የዋናውን ቀዳሽ ካህን ልብስ አልለበሰም። ሁሉም ረዳቶች ናቸው። ቀዳሹም መሥዋዕቱም በመሬት ላይ የተኛው ሕፃን ነው። ቅዳሴ ቆሞ የሚያስቀድስ ክርስቲያን ይህን ለመረዳት ብዙ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ከፊት በግራ በኩል አንድ የእንጨት ጫማ ብቻውን ተጥሏል፤ ቅዱስ ዮሴፍ ከእግሩ ያወለቀው ነው። ይህን በሚመለከት የአውሮጳ ሊቃውንት ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ ሙሴ በሚነደው ቍጥቋጦ ፊት ጫማውን እንዲያወልቅ መታዘዙንም አንሥተዋል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን መጽሐፍ ሳይገልጥ ይህ ቦታ ቤተ መቅደስ ሆነ ማለት መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማውን አውልቆ የሚገባ ነውና።

እንዲሁ ደግሞ ከሕፃኑ በስተፊት አንድ የስንዴ ነዶ ተኝቷል። ቤተ ልሔም ማለት በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ስለ ሆነ፥ ነዶው የከተማይቱንም ስም የመሥዋዕቱንም ኅብስት ባንድ ጊዜ ያመለክታል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ቤተ ልሔም ተብላ ስለምትጠራ፥ በአማርኛ ይህ ምሥጢር ከሥዕሉ በፊት በቃሉ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ከነዶው አጠገብ ሁለት የአበባ ዕቃዎች አሉ። አንደኛው የወይን ቅጠል የተሣለበት የሸክላ ዕቃ ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ በዚያ ዘመን ባለ መድኃኒቶች ቅባትና ቅመም ያኖሩበት የነበረ ነው። በውስጡም ቀይ ሊሊና ነጭና ሰማያዊ አይሪስ ቆመዋል፤ የአይሪስ ቅጠል እንደ ሰይፍ የሾለ ስለ ሆነ፥ አረጋዊው ስምዖን በእመቤታችን ነፍስ ሰይፍ እንደሚያልፍ የተናገረውን ትንቢት ያስታውሳል። ሁለተኛው ጥርት ያለ ብርጭቆ ነው፤ ብርሃን ብርጭቆውን ሳይሰብር ማለፉ ለድንግልናዋ ምሳሌ ሆኖ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። በብርጭቆው ውስጥ ሦስት ቀይ ካርኔሽን፥ ደግሞም ስሙ በላቲን ርግብ ከሚለው ቃል የወጣ ሐምራዊ አበባ ይታያል። ጥቂት ቫዮሌትም በመሬቱ ላይ ተበትኗል። አንዳንድ ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ቅጠል እየቈጠሩ ምሥጢር ያወጡለታል፤ እስከዚያ መሄድ ግን ሥዕሉን ወደ መዝገበ ቃላት መለወጥ ይሆናል። በዚህ ቦታ ሊታለፍ የማይገባው ዕቃው የመድኃኒት ዕቃ መሆኑ ነው። ሥዕሉ የተላከው ለበሽተኞች ቤት ነው። ከክንፉ ላይ የቆመው ቅዱስ እንጦንስም እሳቱ እየተባለ ለሚጠራው ክፉ የቆዳ በሽታ ይለመን የነበረ ቅዱስ ነው፤ ቅድስት ማርጋሬታም ለወላድ ሴቶች ትለመን ነበር። ሥዕሉን ያሠራው ሰው የራሱን ክብር ሲያስብ፥ ሠዓሊው በአልጋ ላይ ያሉትን ሰዎች አልረሳም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሥዕሉ ልብ በቀኝ በኩል ነው። ከዚያ ሦስት እረኞች ደርሰዋል። ከበስተኋላቸው በሩቁ ኮረብታ ላይ መልአኩ የምሥራቹን ሲነግራቸው ስለሚታይ፥ ከዚያ ተነሥተው በሩጫ እንደ መጡና ትንፋሻቸው ገና እንዳልተመለሰ ይታወቃል። ፊታቸው ፀሐይና ነፋስ ያከሰለው ነው፤ እጃቸው ሻካራ ነው፤ ጠጕራቸው አልተበጠረም። አንዱ እጁን አጋጥሞ በጸጥታ ይጸልያል። ሌላው እጆቹን አጋጥማለሁ ብሎ ሲጀምር ዓይኑ ስለ ተያዘበት እጆቹ በመካከል ቀርተዋል። ከስተኋላ ያለውም እንደ ጐበጠ አንገቱን አስግጎ ለማየት ይገፋል። አፍ ተከፍቶ ጥርስ ይታያል። በዚያ ሁሉ ሥዕል ውስጥ መላእክቱ ያውቃሉ፥ እናቱም ታውቃለች፥ ቅዱሳኑም ያውቃሉ፤ እረኞቹ ግን አሁን ገና ማየታቸው ነው።

ሠዓሊው እረኞቹን እንዲያስቁ አድርጎ አልሣላቸውም። በብዙ ሥዕል ባላገር ሰው የሚታየው ወይ ለመሣቂያ ሆኖ ነው፥ ወይ ታጥቦና ጸድቶ ጨዋ መስሎ ነው። እዚህ ግን ከሁለቱም አንዱ የለም። መጠናቸው ከመላእክቱ መጠን አያንስም፤ የቆሙትም ከወርቅ ካባው መላእክት ትይዩ፥ ከባዶው መሬት ዳር ነው። ሀብታሙ ፖርቲናሪ በክንፉ ላይ ትንሽ ሆኖ ሲንበረከክ፥ ጥርሱ የወላለቀ እረኛ በመካከለኛው ገበታ ላይ ከመላእክት ጋራ ተካክሎ ይታያል። ባለ ገንዘቡ ይህን ባየ ጊዜ ምን እንዳሰበ የሚነግር ጽሑፍ የለም፤ ሥዕሉን ግን ተቀብሎ ለአገሩ ልኮታል። በኢትዮጵያ የገና ጨዋታ ከእረኞቹ ደስታ ጋራ አብሮ ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ፥ እረኛ በልደት ቀን ባለ ቤት እንጂ እንግዳ አለመሆኑን ሕዝቡ ያውቃል፤ የሁጎ እረኞች ከዚህ አሳብ የራቁ አይደሉም።

የፍሎሬንስ ሠዓሊዎች እረኞቹን አይተው ዝም አላሉም። ሥዕሉ በገባ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1485፥ ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ በሳንታ ትሪኒታ ቤተ ክርስቲያን የእረኞቹን ስግደት ሣለ። ያሠራው ሰውም ፍራንቼስኮ ሳሴቲ ነው፤ ይህም የሜዲቺ ባንክ ሁሉ የበላይ ሹም፥ የፖርቲናሪም አለቃ የነበረ ነው። ጊርላንዳዮ ሦስቱን እረኞች በስተቀኝ አኖራቸው፤ ከሁጎ እንደ ወሰደም ማንም ያውቃል። ሥዕሉም በእውነት ውብ ነው። ግርግሙ የጥንት ሮማውያን ጽሑፍ የተቀረጸበት የድንጋይ መቃብር ሣጥን ነው፤ ዓምዶቹ የተጠረቡ ናቸው፤ ከሩቅ የሰብአ ሰገል ሠራዊት በድል ቅስት ሥር ሲያልፍ ይታያል። ዮሴፍም እጁን በግንባሩ ላይ አድርጎ የሚመጡትን ቀና ብሎ ሲያይ እጅግ ያማረ ሁኔታ አለው። በዚህ ሥዕል ውስጥ አንድ የተማረ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያነበው አያጣም።

ነገር ግን እረኞቹ ምን ሆኑ? አፋቸው ተዘጋ። እጃቸው ጸዳ። ከነርሱም አንዱ በጣቱ ወደ ሕፃኑ የሚያመለክተው ሠዓሊው ጊርላንዳዮ ራሱ ነው፤ የራሱን መልክ ለእረኛ ሰጠው። ሕፃኑም በባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ በእናቱ መጐናጸፊያ ጫፍ ላይ ተኝቶ ጣቱን ወደ አፉ ይወስዳል፤ የሚያስፈራ ነገር አልቀረም። ጊርላንዳዮ ከሁጎ የወሰደው የሚወሰደውን ነው፤ ይኸውም ሻካራውን ልብስና የፊቱን ሽብሽብ ነው። ከእረኞቹ ሩጫና ከመሬቱ ባዶነት ግን አልወሰደም። የተማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጊርላንዳዮን ለሥርዓቱ ያመሰግኑታል፤ ምስጋናው ይገባዋል። ሁለቱን ሥዕሎች አስተያይቶ ግን በጊርላንዳዮ ፊት ሰው ደስ ይለዋል፥ በሁጎ ፊት ዝም ይላል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የሁጎም ሥዕል ነቀፋ የሌለበት አይደለም። መሬቱ ወደ ላይ ስለ ተገፋ በመሬቱ ላይ የተቀመጡት ዕቃዎች ወደ ተመልካቹ ሊንሸራተቱ ይመስላሉ። የፖርቲናሪ ልጆች ፊት የልጅነት ለዛ አጥቶ እንደ ሽማግሌ ፊት ጨፍግጓል። የመላእክቱም ወርቅና ዕንቁ አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ዓይን ይስባል። በበረቱ ጨለማ ውስጥ፥ ከበሬው በላይ፥ ፊትና ጥፍር ያለው የርኩስ መንፈስ ምስል ተደብቋል፤ ብዙ ተመልካች ሳያየው ያልፋል፥ ባያየውም ብዙ አይጐዳም፤ ሥዕሉ ክፉውን የሚያሳየው በዚያ ጥፍር ሳይሆን በእመቤታችን ፊት ላይ ባለው ሐዘን ነውና።

ስለ ሠዓሊው የሚነገረው ታሪክ ደግሞ ለብዙ ሰው ከሥዕሉ ይልቅ ይጣፍጠዋል። ሁጎ በጌንት ከተማ የታወቀ ጠቢብ ሆኖ ሳለ ሁሉን ትቶ በብራሰልስ አጠገብ ባለው፥ ቀይ ገዳም ተብሎ በሚጠራው ደብር ረድእ ሆኖ ገባ። በገዳሙም ሥዕል መሣሉን አልተወም፤ ታላላቅ ሰዎችም እየመጡ ይጐበኙት ነበር። በኋላ ከኮሎኝ ከተማ ሲመለስ በመንገድ ላይ አእምሮው ታወከ፤ እኔ የተኰነንሁ ነኝ፥ የዘላለም ጥፋት ተፈርዶብኛል እያለ ይጮኽ ጀመረ፤ ራሱንም እንዳይጐዳ ሰዎች ያዙት። አበምኔቱ ቶማስ ዳዊት በሳኦል ፊት በገና እንደ መታ አስቦ በሠዓሊው ፊት ዜማ እንዲሰማ አዘዘ። ይህን ሁሉ የጻፈው ጋስፓር ኦፍሃይስ የተባለ አብሮት መንኵሶ የነበረ የዚያው ገዳም ሰው ነው። ኦፍሃይስም የበሽታውን ምክንያት ሲመረምር፥ ምናልባት በምግብና በወይን ጠጅ፥ ምናልባትም የጀመራቸውን ሥዕሎች መቼ እፈጽማለሁ ብሎ ከማሰቡ ብዛት የመጣ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ እግዚአብሔር ከትዕቢት ሊጠብቀው ያደረገው ይሆናል ብሎ ጽፏል። ሁጎም ጥቂት በተሻለው ጊዜ ቀድሞ ከእንግዶች ጋራ ይቀመጥበት የነበረውን ክብር ትቶ ከረድኦቹ ጋራ ይመገብ ጀመረ።

በ1872 የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤሚል ዋውተርስ ይህን የእብደት ጊዜ በትልቅ ሥዕል ላይ አሳየው፤ ቪንሰንት ቫን ጎኽም ራሱን በዚያ ሥዕል ካለው ከሁጎ ጋራ እያስተያየ በደብዳቤዎቹ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ባዶው መሬትና የእመቤታችን ሐዘን ሁሉ ከእብድ አእምሮ የወጣ እንደ ሆነ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች በዙ። ይህ አነጋገር ግን ከሁለት ወገን ይፈርሳል። በመጀመሪያ፥ ሥዕሉ በ1475 ዓመት አካባቢ የተጀመረ ሲሆን በሽታው የመጣው ከዚያ በኋላ፥ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በሁለተኛም፥ እንዲህ ያለውን ሥራ የታመመ አእምሮ አይሠራውም፤ የመላእክቱ ልብስ፥ የቅዳሴው ሥርዓት፥ የነዶውና የጫማው ምሥጢር፥ የክንፎቹ ታሪክ አንድ ሳይናጋ በየቦታው ተሰክቷል። በቀኙ ክንፍ ሰብአ ሰገል መንገድ ሲጠይቁ፥ በግራው ክንፍ ዮሴፍ እርጉዝዋን ድንግል ደግፎ ኮረብታውን ሲያወርዳት ይታያል። ድካምዋን አይቶ ከእንስሳው አውርዶ በክንዱ ይዟታል። ይህን ርኅራኄ የሣለ ሰው በዚያን ጊዜ ተስፋ የቈረጠ ሰው አልነበረም። የፍርሃቱ ዘር በልቡ ኖሮ ከሆነ እንኳ በሥዕሉ ላይ ጸሎት ሆኖ ነው የወጣው።

ሁጎ ሥዕሉ ላይ ስሙን አልጻፈም። የእርሱ ሥራ መሆኑ የታወቀው ከመቶ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ የጣልያኑ ጸሐፊ ጆርጆ ቫሳሪ የሳንታ ማሪያ ኑኦቫን ገበታ ሁጎ የተባለ የአንትዌርፕ ሰው እንደ ሣለው ባለፈ ቃል ስለ ጠቀሰ ነው። ሌሎቹ የሁጎ ናቸው የሚባሉ ሥዕሎች ሁሉ የሚለዩት ከዚህ ጋራ እየተስተያዩ ነው።

የፖርቲናሪ ነገር የተፈጸመው እንዲህ ነው። ለቡርጎኝ መስፍን ለደፋሩ ሻርል ከመጠን ያለፈ ገንዘብ አበድሮ ነበር፤ መስፍኑ በ1477 በናንሲ ጦርነት ላይ ወደቀ፥ ዕዳውም ሳይከፈል ቀረ። ሎሬንዞ ደ ሜዲቺ ከፖርቲናሪ ተለያየ፤ የብሩዡም ቅርንጫፍ ተዘጋ። ስለዚህ በ1483 ሥዕሉ በ16 ሰዎች ተይዞ ወደ ፍሎሬንስ በገባ ጊዜ፥ በክንፉ ላይ የተንበረከከው ባለጠጋ ሀብቱ አልቆ ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ፥ በ1501፥ ቶማዞ ፖርቲናሪ የቤተ ሰቡ የጥንት አባት ፎልኮ ባቋቋመው በሳንታ ማሪያ ኑኦቫ የበሽተኞች ቤት ውስጥ ሞተ። ሥዕሉ በዚያን ጊዜ በዚያው ቤት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ነበር።

በ1900 ዓመት ሥዕሉ ለኡፊዚ ሙዚየም ተገዝቶ ከበሽተኞች ቤት ወጣ። ዛሬ በሕፃኑ ሥር መሠዊያ የለም፤ ባዶው መሬት ከገበታው ዳር ላይ ያልቃል፤ ካህኑ ይቆምበት በነበረው ቦታም ከየአገሩ የመጣ ተመልካች ይቆማል። እረኞቹ ግን ዛሬም ከቀኝ በኩል ገና እየደረሱ ናቸው።